ቀለሙ ያልደረቀው አሻንጉሊት

 

የዚህን ወር ርዕስ ያገኘነው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ከምትኖር አንዲት እህታችን ነው። ደብዳቤዋ ረጅም በመሆኑ ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርባለን። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ልጁ «ፋንኮ ፖፕ» የሚባሉትን፣ ጭንቅላታቸው ከአካላቸው የገዘፈ፣ ዓይናቸው ጥቁር ክብ የሆነ ትንንሽ የቪኒል አሻንጉሊቶች ይሰበስባል። እያደር ግን መሰብሰቡ ብቻ አልበቃው ስላለ አሻንጉሊቶቹን በሙቅ ውሃ እያላላ መፍታት፣ ቀለማቸውን መቀየር፣ የአንዱን ጭንቅላት ለሌላው አካል መግጠም፣ ኮፍያና ጀለቢያ እየሠራ ማልበስ ይጀምራል። አንዱን ጋራዥ ውስጥ ተርፎ በተቀመጠ የበር ቀለም ይቀባዋል። ቀለሙ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደርቅ ይላል። አንድ ቀን አባት ለፈጅር ሶላት ሲነሣ አሻንጉሊቱን መስገጃው ላይ ተጣብቆ ያገኘዋል። «በቤቴ ጣዖት አይሠራም!» ይልና በመደርደሪያው ላይ የነበሩትን 11 አሻንጉሊቶች ለቅሞ ከቆሻሻ ጋር ያወጣቸዋል። የተጣበቀውን አንዱን ብቻ እናት ከቆሻሻው መልሳ በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃዋለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባትና ልጅ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አይለዋወጡም። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄድበት የነበረውን የቁርኣን ትምህርትም «አሞኛል» እያለ መቅረት ጀምሯል። እህታችን ሦስት ነገር ትጠይቃለች። ይህ ነገር ለመሆኑ ምንድን ነው? ሐራም ነው ወይ? ቀለሙስ ለምን አልደረቀም?

ሦስተኛውን ጥያቄ የጻፈችው እግረ መንገዷን ይመስላል። ለእኔ ግን የልጁ የራሱ ጥያቄ እሱ ነው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ በእጁ የሠራው ነገር ለምን እንደተበላሸበት ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስረዳው ሥራው ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማው ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን።

እንግዲህ ከመነሻው እንጀምር። ቪኒል የምንለው ፒቪሲ የተባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። የውሃ ቧንቧም ከዚሁ ይሠራል። ልዩነቱ ለቧንቧ የሚሆነው ደረቅና ጠንካራ ሲሆን ለአሻንጉሊት የሚሆነው ማለስለሻ ኬሚካል ተቀላቅሎበት እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ መሆኑ ነው። ማለስለሻ የሚለውን ቃል ያዙልኝ። የቀለሙ ምስጢር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

አሠራሩ ቀላልና ብልሃት ያለበት ነው። ወፈር ያለ ፈሳሽ ቪኒል ከብረት በተሠራ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይሞላል። ብረቱ ሲግል ከግድግዳው ጋር የተነካካው ፈሳሽ ይረጋና እንደ ቆዳ ይሆናል። መሀል ያለው ያልረጋው ፈሳሽ ተመልሶ ይደፋል። ቆዳው በሚገባ ከበሰለ በኋላ ገና ትኩስና ልስልስ ሳለ በጉጠት ተይዞ በጠባቡ አፍ ተስቦ ይወጣል። አሻንጉሊቱ ውስጡ ባዶ የሚሆነው፣ ሲጫኑትም የሚሰረጉደው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓኖች በዚህ ዘዴ የተሠራውን «ሶፉቢ» ይሉታል፤ ከእንግሊዝኛው «ሶፍት ቪኒል» አሳጥረው ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲኒማ የታወቁትን እንደ ጎድዚላ ያሉ አውሬዎች በዚህ መልክ እየሠሩ ለሕፃናት ይሸጡ ነበር።

ነገሩ ከሕፃናት እጅ ወጥቶ የአዋቂዎች መሰብሰቢያ የሆነው ዘግይቶ ነው። በሆንግ ኮንግ ማይክል ላው የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1999 «ጋርደነር» የሚል ስም የሰጣቸውን፣ የከተማ ወጣቶችን የሚመስሉ በርካታ አሻንጉሊቶች በኤግዚቢሽን አቀረበ። ብዙዎች የዚህ ሙያ መነሻ አድርገው የሚቆጥሩት ይህን ነው። በ2001 በጃፓን «ቤርብሪክ» የተባለው ድብ መሳይ ወጣ። በአሜሪካ በ2002 የተቋቋመው ኪድሮቦት የተባለ ድርጅት ደግሞ በ2005 «መኒ» የተባለውን አወጣ። መኒ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ልብስ የለው፤ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ጭልጥ ያለ ነጭ አሻንጉሊት ነው። የሚሸጠውም ገዢው ራሱ እንዲስልበት ታስቦ ነው። የእህታችን ልጅ የሚያደርገው እንግዲህ ብዙ አዋቂዎች፣ ሠዓሊዎችም ጭምር የሚያደርጉትን ነው። እሱ የሚሰበስባቸው ፋንኮ ፖፖች ወደ ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ቁመታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በፊልም፣ በስፖርትና በሙዚቃ ከታወቁ ሰዎች መካከል ፖፕ ያልተሠራለትን ማግኘት ይከብዳል።

ስለ ብዛቱ አንድ ነገር ልጨምር። ፋንኮ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ለባለ አክሲዮኖቹ ባቀረበው መግለጫ፣ መጋዘኑ ከመጠን በላይ በመሙላቱና ለማስቀመጥ የሚወጣው ወጪ ከሚገኘው ጥቅም በመብለጡ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ዕቃ እንደሚያስወግድ አስታውቆ ነበር። ልጁ በኪስ ገንዘቡ አንድ በአንድ የሚያጠራቅመውን ፋብሪካው በጭነት መኪና ይጥለዋል ማለት ነው። ኢስራፍ የሚለውን ቃል በቤታችን የምናስተምር ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ መምህር እንጂ ሙፍቲ አይደለም። ይሁን እንጂ ዑለማዎቻችን በጉዳዩ ላይ የተናገሩትን ማስተላለፍ ይቻላል። ሕይወት ያለውን ነገር ምስል የሚሠሩ ሰዎችን አጥብቀው የሚያስጠነቅቁ ሐዲሶች በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግበዋል፤ የአባትየው ቁጣ ከባዶ የመነጨ አይደለም። በሌላ በኩል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ከጓደኞቿ ጋር በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር በእነዚሁ ሁለት መጻሕፍት ይገኛል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ደግሞ ከአሻንጉሊቶቿ መካከል ከጨርቅ የተሠራ ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረስ ክንፍ አለውን ብለው ቢጠይቋት የሱለይማንን (ዐ.ሰ.) ፈረሶች አስታወሰቻቸው፤ እሳቸውም ሣቁ።

ኢማም ነወዊ በሙስሊም ማብራሪያቸው ከቃዲ ዒያድ ጠቅሰው እንደጻፉት አብዛኞቹ ዑለማዎች የልጆችን አሻንጉሊት ከክልከላው ውጪ አድርገውታል። ኢማም ማሊክ አባት ለሴት ልጁ አሻንጉሊት መግዛቱን እንደጠሉ ተዘግቧል፤ ፈቃዱ ኋላ ተሽሯል ያሉም አሉ። ልዩነቱ የቆየ ነው። ከዚህ ጋር መያያዝ ያለበት ሌላ ሐዲስም አለ። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ምስል ያለበትን መጋረጃ ሰቅላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልወደዱት ጊዜ ጨርቁ ተቆርጦ መደገፊያ ትራስ ሆኗል። ከዚህ በመነሣት ብዙ ፉቀሃእ ከፍ ተደርጎ በሚታየውና እጅ በሚያገላብጠው፣ ሰው በሚቀመጥበት ነገር መካከል ልዩነት አድርገዋል።

የእኔ አስተያየት እንግዲህ ይኸው ነው። በብርሃን በተዋበ የመስተዋት መደርደሪያ ላይ፣ ከነሳጥኑ ሳይከፈት፣ እንደ ክቡር ዕቃ የሚደረደረው አሻንጉሊት ያሳስበኛል። የሚሰበሰበው ሰውየው በዝነኛነቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ልጅ የሚፈታው፣ የሚቆርጠው፣ የሚቀባው፣ ጭንቅላቱን ነቅሎ ሌላ የሚገጥምበት ግን ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ክንፋም ፈረስ የቀረበ ነው። ከሶላት ቦታ ፊት ለፊት አለማስቀመጥ፣ መኝታ ቤትን በእነዚህ አለመሙላት ተገቢ ነው። ይህን የማይቀበል አባት ካለም መብቱ ነው፤ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። «ጣዖት» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ጣዖት የሚመለክ ነገር ነው፤ በልጅ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከመወርወር በፊት ምን እያደረገ እንደሆነ አንድ ጊዜ መጠየቅ ምን ይጎዳል?

በነገራችን ላይ በቤት ውስጥ መጫወቻ መሥራት በሰሐባዎች ዘመንም ነበር። ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ (ረ.ዐ.) እንዳወሳችው በዓሹራእ ቀን ልጆቻቸውን ሲያስጾሙ ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸው ነበር፤ ልጁ በረሃብ ሲያለቅስ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት በእሱ ያባብሉታል። በሐዲሱ የተጠቀሰው «ዒህን» የሚለው የዐረብኛ ቃል በተለይ ቀለም የተነከረ ሱፍን ይገልጻል። እናቶቹ ሱፉ ቀለም ያለው እንዲሆን መምረጣቸው ደስ ይለኛል። በሀገራችን ገጠርም ከብት ጠባቂ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬና ፈረስ እየሠሩ በፀሐይ ሲያደርቁ ያላየ የለም።

አሁን ወደ ቀለሙ።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ክፍል የምጽፈው ለአንተ ነው። የበሩ ቀለም የዘይት ቀለም ነው። ይህ ቀለም በእንጨትና በብረት ላይ የሚደርቀው ማቅጠኛው በንኖ፣ የቀረው ደግሞ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ስለሚጠነክር ነው። ቪኒል ላይ ሲቀባ ግን ከታች ያ ቀደም ብለን ያነሣነው ማለስለሻ አለ። ማለስለሻው ከፕላስቲኩ ጋር እንደ ሚስማር የተቸነከረ አይደለም፤ በውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ቀለሙ ውስጥ ይገባና ቀለሙንም ያለሰልሰዋል። ሦስት ሳምንት ቀርቶ ሦስት ወር ብትጠብቅ ላይደርቅ ይችላል። በብዙ የቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለሞችና ስፕሬይ ቫርኒሾችም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ወይም ንፋስ ስላላገኘ አይደለም።

የሚስማማው በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ነው። በሥዕል ዕቃ መሸጫዎች በትንንሽ ጠርሙስና በቱቦ ይሸጣል። እጅም ብሩሽም በውሃ ይታጠባል፤ ሽታውም ቀላል ነው።

ከቀለም በፊት ግን ሥራ አለ። መጀመሪያ ማላላት ያስፈልጋል። ቪኒል ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ደቂቃ የቆየ አሻንጉሊት ጭንቅላቱ ወይም እጁ ቀስ እያሉ ሲያሽከረክሩት ከመገጣጠሚያው ይወጣል። ሳይሞቅ ከተሳበ ግን መገጣጠሚያው ይሰበራል። ውሃው ከምድጃ ላይ ወርዶ በሳፋ የተቀዳ ይሁን፤ የሚቀዳውም አዋቂ ነው። አንዳንዶች አሻንጉሊቱን የኩሽና ምድጃ ውስጥ ይከቱታል፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግ። ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲግል ሳንባ የሚያቃጥል አሲዳማ ጋዝ ይለቃል፤ ያ ምድጃ ደግሞ ምግብ የሚበስልበት ነው።

ቀጥሎ እጥበት። አሻንጉሊቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት፣ በኋላም የእጅ ወዝ ይኖረዋል። ለብ ባለ ውሃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታሻል፤ በተለይ በጆሮና በብብት ሥር። ከዚያም አንድ ቀን ያድራል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ቀለሙ በሳምንቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሣም ጥፋቱን ከቀለሙ ላይ ያደርጋል።

ፊቱ ላይ ቀለሙ እንዲይዝ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ 400 ወይም 600 ቁጥር በሆነው፣ ቀለል አድርጎ ማሸት ይበጃል። ወረቀቱ በውሃ ይነከር። በደረቁ ከታሸ የፕላስቲክና የአሮጌ ቀለም ብናኝ ወደ አፍንጫ ይገባል። አሮጌውን ቀለም ለማስለቀቅ ብዙዎች የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንን ይጠቀማሉ። አሴቶን ቪኒሉን ራሱን ያሳብጠዋል፣ ደረቅ ፕላስቲክ የሆነውን ክፍል ደግሞ ያሟሟዋል፤ አይነካም። ቲነርም እንዲሁ።

አዲስ ቅርጽ መጨመር ለሚፈልግ፣ ማለትም ጥምጣም፣ ከረጢት ወይም ጫማ፣ ሁለት ዓይነት ሊጥ እኩል በእኩል ተለውሶ የሚሠራ የኢፖክሲ ማጣበቂያ አለ። ሲለወስ ለስላሳ ነው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይደነድናል፤ ከዚያ መቁረጥም መሞረድም ይቻላል። ገና ሳይደርቅ ቆዳን ስለሚያሳክክ ጓንት ግዴታ ነው። ለጥቃቅን መስመሮች ከተገዛው መሣሪያ ሁሉ ስቴኪኒ ይሻላል፤ ጫፉን በውሃ እያረጠቡ መሳል ነው።

ቀለሙ ሲቀባ ስስ ይሁን። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ትዕዛዝ ነው፤ ልጆች አንድ ጊዜ ቀብተው ሽፍን ብሎ ማየት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ንብርብር ሥሩን እያሳየ ሸራርፎ መታየቱ ትክክል ነው። 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ይደረባል። ከፈዛዛው ቀለም ወደ ደማቁና ጥቁሩ መሄድ ይቀላል፤ ነጭን በጥቁር ላይ ማልበስ አምስትና ስድስት ንብርብር ይፈጃል። ቀጥ ያለ መስመር የሚፈልግ በወረቀት ፕላስተር ይከልላል። የተሳሳተ መስመር ሳይደርቅ እርጥብ በሆነ ጥጥ ይጠረጋል። እጅና ጭንቅላት የሚሽከረከሩበት መገጣጠሚያ ውስጥ ቀለም አይገባ፤ እየተፋተገ ይላጣል፣ መገጣጠሚያውንም ያጣብቀዋል።

በመጨረሻ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ በብሩሽ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መተው ነው። ሲነካ የደረቀ የሚመስለው ቀለም ውስጡ እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ቢሰጠው ይመረጣል። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ አይቀመጥ፤ ነጭ ቪኒል በፀሐይ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ወላጆች ሌላም የሚጠነቀቁት ነገር አለ። የቆየ የዘይት ቀለም በማንኛውም መልኩ ለልጅ መጫወቻ አይሁን፤ ምክንያቱም ሌድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ሌድ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ ያለውን የሌድ መጠን የሚገድብ ደንብ በ2018 እ.ኤ.አ. አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት ተገዝቶ በየጓዳው የተቀመጠው ቆርቆሮ ግን ደንቡን አያውቅም። ማለስለሻውን በተመለከተም ፍታሌት የተባሉት አንዳንድ ዓይነቶች ለሕፃናት ጤና አሳሳቢ በመሆናቸው የአሜሪካ ሕግ ከ2008 ጀምሮ በመጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። ሕጉ የሚያገኘው በሕጋዊ መንገድ የተሠራውን ነው። ቤት ውስጥ ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ካለ፣ የተቀባውም ሆነ ያልተቀባው አሻንጉሊት ከእሱ እጅ ይራቅ።

ገንዘቡን በሚመለከት ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በእነዚህ ዓመታት የቻይናው ፖፕ ማርት የሚሸጣቸው፣ ጥርሳቸውን ያፈጠጡ ፀጉራም «ላቡቡ» የተባሉ መጫወቻዎች ከቦርሳ ላይ ተንጠልጥለው ዓለምን አዳርሰዋል። ፊታቸው ቪኒል ነው። የፈጠራቸው ካሲንግ ለንግ የተባለ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን ድርጅቱ መሸጥ የጀመረው ከ2019 ወዲህ ነው። ሰኔ 2025 ላይ ሰው የሚያክል አንድ ላቡቡ በቤጂንግ ጨረታ 1.08 ሚሊዮን ዩዋን ተሽጧል። ዋናው ነገር የአሻሻጡ ዘዴ ነው። ሳጥኑ የታሸገ ነው፤ ገዢው ከ6 ዓይነቶች የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅም። ከእነዚህ ሌላ «ምስጢር» የሚባል ብርቅ ዓይነት አለ፤ ዕድሉም በብዙዎቹ ዙሮች ከ72 አንድ ነው።

የሒሳብ መምህር ነኝና ላስላላችሁ። እያንዳንዱን ሳጥን ለየብቻ የሚገዛ ሰው 12 ሳጥን ቢገዛ ምስጢሩን የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 15 ወይም 16 ነው። 72 ሳጥን የገዛ ሰውስ? ልጆች ያለ ጥርጥር ያገኛል ይላሉ። አያገኝም፤ ከመቶ 36 ያህል ዕድል ባዶ እጁን ይቀራል። ምስጢሩን ትተን 6ቱን ዓይነቶች ብቻ ለማሟላት እንኳ በአማካይ 15 ያህል ሳጥን መግዛት ይጠይቃል፤ 9ኙ ድጋሚ ነው። ይህን ስሌት ለክፍል ተማሪዎች ብታቀርቡት ማንኛውም ምክር የማይሠራውን ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገዢው ምንነቱን የማያውቀውን የገረር ሽያጭ መከልከላቸው በሙስሊም ተዘግቧል። «ዋጋ ያለው ዕቃ ሁልጊዜ ስለሚደርሰው ቁማር አይደለም» የሚሉ አሉ፤ ይህም ሊታይ የሚገባው ክርክር ነው። ነገር ግን ልጁ ገንዘቡን የሚያወጣው ለሚደርሰው ዕቃ ነው ወይስ ለዕድሉ? ቻይና ራሷ በሰኔ 2023 ባወጣችው መመሪያ የታሸገ ሳጥን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሸጥ ከልክላለች። በጎን ደግሞ ሐሰተኛው ገበያ አለ። «ላፉፉ» የሚል ቅጽል የተሰጣቸውን አስመስለው የተሠሩ መጫወቻዎች የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት መሥሪያ ቤት በነሐሴ 2025 አስጠንቅቆባቸዋል፤ እየተነቃቀሉ የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጉ ስለሚችሉ ነው።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የቨርጂኒያው ልጅ የያዘው መንገድ ቁጠባ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም። አንድ ነጭ አሻንጉሊት፣ አምስት ጠርሙስ ቀለምና ሁለት ብሩሽ ያለው ልጅ ለሁለት ወር ሥራ አለው። ወደፊት ሠርቶ መሸጥ ቢያምረው ይሽጥ፤ የተቀባውን «ከፋብሪካ የወጣ ብርቅ ነው» ብሎ እንዳይሸጥ ብቻ፤ ይህ በንግድ ማጭበርበር ነው።

እህታችን፣ የቁርኣኑን ትምህርት በተመለከተ የሚከተለውን እላለሁ። ልጁ የጠላው ቁርኣኑን አይመስለኝም። የአባቱ ቁጣ በዲን ስም የመጣበት በመሆኑ ሁለቱ በአእምሮው ተጣብቀዋል፤ የሚለያዩትም በአባቱ አንደበት ነው። አባት የተናገረውን ሁሉ ይሻር አንልም። መስገጃው ላይ ለተጣበቀው፣ ሳይነገረው ለተወሰደው የጋራዥ ቀለም ልጁ ይቅርታ ይጠይቅ። አባት ደግሞ በልጁ ገንዘብ የተገዙ 11 ነገሮችን ሳይጠይቅ ጥሏል፤ ለልጅም ሐቅ አለው። ሐቁን እንዴት እንደሚመልስ ራሱ ያውቃል፤ እኔ ብሆን ሌላ ፖፕ ሳይሆን አንድ ነጭ መኒና የአክሪሊክ ቀለም እገዛ ነበር። ፊቱ ላይ ዓይን ይሣል አይሣል የሚለውን አባትና ልጅ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበት። በመደርደሪያ ከተደረደረ ስንት አሻንጉሊት ይልቅ በዚህ ውይይት የሚገኘው ዲን ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ።

ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ግን አሁኑኑ ከፌስታሉ ይውጣ። ታፍኖ በቆየ መጠን የሚወጣው ማለስለሻ መሄጃ አጥቶ ይብስ ይጣበቃል፤ ፌስታሉም ይያዝበታል። የቤት ውጪ በሆነ ቦታ፣ ጓንት አድርጎ፣ በፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በጥጥ እያደረጉ ከላይ ወደ ታች መጥረግ ነው፤ ጥጡ ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ አለዚያ የተነሣው ቀለም መልሶ ይለጠፋል። ስንጥቁ ውስጥ ያለው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይወጣል። በአልኮል እምቢ ያለው ቦታ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ በትንሹ በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ እልፍ ተደርጎ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል፤ አሻንጉሊቱን ማቅጠኛው ውስጥ መዘፍዘፍ አይቻልም። የተጠቀሙበት ጨርቅ እሳት የሚይዝ ስለሆነ ተጨምድዶ አይጣል፤ ውጪ ተዘርግቶ ይድረቅ። ከዚያ ጥላ ሥር፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አንድ ሳምንት ይቀመጥ። በጣት ሲነካ ካልያዘ ለአክሪሊክ ዝግጁ ነው። ማቅጠኛ የሚነካው አዋቂ ብቻ በመሆኑ ጓንቱን የሚያደርገው አባትየው ይሆናል፤ ልጁ ጥጡን እየቀየረ ያቀብለው።